ነጩ ድንኳን ከገሳይ እስኪመለስ

መርዶው የደረሰኝ ሰኞ የካቲት 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት ነው። ግቢዬን እየጠረግሁ ነበር። ከበሩ ውጭ የካስማ ድምፅ ሰማሁ። ብረት ካስማ በመዶሻ ሲመታ እንዴት እንደሚጮህ አሥራ አራት ዓመት ሰምቻለሁ፤ መሬቱ ደረቅ ይሁን እርጥብ ከድምፁ አውቃለሁ። መጥረጊያዬን እንደያዝሁ ወጣሁ። የእድራችን ልጆች፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ ለለቅሶ ያከራየሁትን የራሴን አሮጌ ድንኳን፣ በራሴ አጥር ሥር እየተከሉ ነው።

«ልጆች፣ ቤት ተሳስታችኋል» አልኋቸው። «የለቅሶውን ቤት ብርሃኑን ጠይቁት።»

መዶሻ የያዘው ልጅ እጁን እንዳነሣ ቀረ። ቀና ብሎ ያየኝ የለም። ያልሰሙኝ መስሎኝ ልደግም ስል፣ የንስሐ አባቴ አባ ሞገስና የእድሩ ዳኛ አቶ ብርሃኑ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከመንገዱ ማዶ ሲመጡ አየሁ።

የታሰበው እነሱ ቀድመው ሊነግሩኝ፣ ድንኳኑም ከዚያ በኋላ ሊተከል ነበር። ልጆቹ የተነገረኝ መስሏቸው ቀደሙ። አልፈርድባቸውም። የልጄን ሞት ግን ከሰው አፍ አልሰማሁም፤ ከገዛ ድንኳኔ ነው የሰማሁት።

እቴነሽ እባላለሁ። ደብረ ታቦር ውስጥ ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት አከራያለሁ። የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ስጽፍ ቀስ ብዬ ነው። ልጄ ሙሉሰው ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ሌላ ልጅ የለኝም። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ፣ ከአክስቴ ልጅ ከደሳለች ጋር በዚያ ዓመት የተጻጻፍነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ገለበጥሁት። ደሳለች ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ያሳደግኋት እኔ ነኝ። በዚያ ዓመት ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ ስልኩም ቀን እየመረጠ ነበር የሚሠራ። እኔ በወረቀት ጽፌ ባሕር ዳር ላለችው ለወንድሜ ልጅ ለሃና በመንገደኛ እልካለሁ። ሃና ፎቶ አንሥታ መስመር ካገኘችበት ሆና ለደሳለች ትሰድላታለች። የደሳለችንም መልስ በእጇ ገልብጣ ለእኔ ትልክልኛለች። ደብዳቤ ሄዶ መልሱ እስኪመጣ አንዳንዴ ወር ይፈጃል።

ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.
ደብረ ታቦር

ለእህቴ ለደሳለች፤ ካለሽበት አገር እመቤታችን ጥላዋን ትዘርጋልሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ያመመሽ ተሻለሽ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን።

ሥራው እንዴት ነው ብለሽ ለጠየቅሽኝ፣ ሥራ አለ ማለትም የለም ማለትም ከበደኝ። ከመስከረም ወዲህ የወጣው አሮጌው ድንኳን ነው። ነጩ፣ አንቺ ሸራውን የላክሽው፣ ከግንቦት ጀምሮ አልተዘረጋም። ደንቤን ታውቂያለሽ፤ ነጩ ለሰርግ፣ አሮጌው ለለቅሶ ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይወጣም። ድሮ ሰው በር ሲያንኳኳ «ለምንድን ነው የፈለጋችሁት?» እል ነበር። አሁን መጠየቁን ፈራሁት። ፊታቸውን አይና ወደ አሮጌው እሄዳለሁ።

ሙሉሰው የድንኳን ምሰሶ ከመኪና ሲያወርድ ብረቱ ከተጋጨ ጎረቤት በሩን ይዘጋል። እኔም ምሰሶ መሆኑን እያወቅሁ ልቤ ይወድቃል።

የጻፍሁልሽ ለአንድ ጉዳይ ነው። ከከተማ ውጭ ሥራ ልያዝ ብሎ አስቸገረኝ። ይፋግ ይላል፣ ገሳይ ይላል። «እማ፣ ከተማው ሰርግ ከፈራ ገጠሩ ይደግሳል። ድንኳኑን አጣጥፈን አይጥ እናብላው?» ይለኛል። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። ማን የት እንደሚተኩስ አይታወቅም። ገንዘብም ዕቃም እንድትልኪልኝ አልፈልግም። አንድ ቃል ብቻ ጻፊለት። አትሂድ በይው። ከአንቺ ቃል አይወጣም።

እህትሽ እቴነሽ

ታኅሣሥ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.
ኩዌት

ለእታለሜ፤ እንደ እናት አቅፈሽ ላሳደግሽኝ፣ ዕድሜሽን እንደ ማቱሳላ ያርዝምልኝ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ እመቤቴ ገበያ ሄዳ ስለነበር ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ወገቤ ደህና ነው።

ሙሉሰውን ባለፈው ስልክ የሠራ ዕለት አግኝቼው ነበር። ስለ አንቺ ስጠይቀው «እማ ካስማውን እንደ መቁጠሪያ ይዛ ትጸልይበታለች» ብሎ አሳቀኝ። ከዚያ ግን ድምፁ ወረደ። እኩዮቹ አንዳንዱ ተሰደደ፣ አንዳንዱ ጫካ ገባ፤ እሱ ወንበር ላይ ወንበር እየደረደረ ሲውል ቀኑ እንደማይመሽለት ነገረኝ።

እታለም፣ አትቆጪኝ። እኔ በሰው ቤት ተዘግቶብኝ አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ። ተዘግቶ መኖር ሰውን ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁ። አትሂድ ብዬ መጻፍ አቃተኝ። አንድ ሥራ ይሞክር፤ ቅርብ ይሁን፤ ቀን ሄዶ ቀን ይመለስ። ያንን ሸራ የገዛሁት እዚህ አገር የሀብታም ሰርግ አይቼ፣ የእኛም ሰው እንዲህ ነጭ ነገር ሥር ይደሰት ብዬ ነው። ተዘርግቶ፣ ሰው ሞልቶበት ባየው ደስ ይለኛል። ፎቶውን ሃና ትላክልኝ።

እሱን በሄደበት ይቅናው፤ አንቺን ከፍርሃት ይሰውርሽ።

ታናሽሽ ደሳለች

ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.
ደብረ ታቦር

ለእህቴ ለደሳለች፤ ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን። የታኅሣሡ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሙሉሰው ካንቺ ዘንድ የመጣ መሆኑን ነግሮኝ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «ቀን ሄዶ ቀን ይመለስ» የሚለውን ደግሞ ደጋግሞ አነበበው። አኮረፍሁሽ። አሁን ግን ማኩረፊያ ልብ የለኝም፤ ዛሬ ሄዷል።

ከገሳይ ይሻው የሚባል ሰው መጣ። አንድ ሴት ልጁን እሑድ ሊድር ነው። እንደማልችል ነገርሁት፣ መንገዱን ጠቀስሁ፣ ነጩ ድንኳን ቀዳዳ አለው ብዬም ዋሸሁ። ሙሉሰው ከኋላዬ ሆኖ «ቀዳዳው የት ጋ ነው እማ? ላሳያቸው» አለ። ሰውዬው ሳቀ። ከዚያ ተነሥቶ ቆመና «እትዬ፣ እኔም ያለኝ አንድ ነው። ልጅዎን እንደ ልጄ ይዤ በእጅዎ እመልስልዎታለሁ» አለኝ። ይህን ከሰማሁ በኋላ እሺ አልሁ።

ነጩን ድንኳን፣ ሁለት መቶ ወንበር፣ ስምንት ብረት ድስት ጫኑ። ሾፌሩ ማሩ ነው፤ ታውቂዋለሽ፣ ያ ወሬኛው። ጠበል አምጥቼ መኪናውንም ዕቃውንም ረጨሁ። ሙሉሰው «ወንበሮቹ ተጠምቀዋል፣ ማሩ ብቻ ነው የቀረ» ብሎ በጠርሙሱ ሲያባርረው ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ካስማውን ስቆጥር ከሃያ አራቱ አንድ ጎደለ። ይህ ጉድለት ክፉ ነገር መሰለኝና ጭነቱን አስወርጄ ልፈልግ አልሁ። «እማ፣ አንዱን ከእንጨት እጠርባለሁ። ማክሰኞ ቆጥረሽ ትረከቢኛለሽ» ብሎ ግንባሬን ስሞኝ ተሳፈረ።

ማክሰኞ አራት ቀን ነው የቀረው። ጸልዪልኝ።

እህትሽ እቴነሽ

ጥር 30 ቀን 2016 ዓ.ም.
ደብረ ታቦር

ደሳለች፣ ሰላምታዬን አሳጥሬብሻለሁ፤ መንገደኛው ቆሞ ይጠብቀኛል። ሙሉሰው አልመጣም። ማክሰኞ አለፈ፤ ረቡዕም አለፈ። በምሥራቅ በኩል መንገዱ ተዘግቷል ይላሉ። ማክሰኞ ዕለት ተኩስ ነበር ይላሉ፤ አንዱ ሩቅ ነው ይላል፣ አንዱ ቅርብ። ከገሳይ የመጣ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ስልኩ አይጠራም።

ትናንት ሴትዮ ድስት ልትከራይ መጥታ እስከ አምስት መቁጠር አቃተኝ። ከበር ሥር በርጩማ አውጥቼ እቀመጣለሁ። አይሱዙ በሰማሁ ቁጥር እነሣለሁ። ያለፈው ሁሉ የሌላ ሰው ነው።

አንቺ ሩቅ ብትሆኚም አንዳንዴ ከእኛ ቀድመሽ ትሰሚያለሽ። የሰማሽው ካለ ጻፊልኝ።

እቴነሽ

የካቲት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.
ኩዌት

ለእታለሜ፣ ለእናቴ፣ ለሁሉ ነገሬ፤ እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥሽ። እመብርሃን ከጎንሽ ትቁም። ኢዮብን ያጸና አምላክ ያጽናሽ።

ደህና ነኝ። እዚህ ብርድ ነው። ምግብ ትበያለሽ? እባክሽ ብዪ። ብቻሽን አትደሪ፤ ሃና መጥታ አንድ ሁለት ሳምንት ካንቺ ጋር እንድትቀመጥ ነግሬአታለሁ፤ አትከልክያት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሙሉሰው የክርስትና ስሙ ማን ነበር? በልጅነቱ አውቀው ነበር፤ ከአፌ ጠፋ። እዚህ የምንሰበሰብበት ቤተ ክርስቲያን በጸሎት ስሙን ለማስጠራት ፈልጌ ነው። ቶሎ ጻፊልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

እታለም፣ በድዬሽ እንደሆነ ይቅር በይኝ።

ደሳለች

የካቲት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.
ደብረ ታቦር

ለእህቴ ለደሳለች፤ የጸሎትሽ ዋጋ አይጥፋብሽ። ደብዳቤሽ ትናንት ገባ። በሰው አገር ሆነሽ ለልጄ ስም ማስጠራትሽ አስለቀሰኝ። የክርስትና ስሙ ሀብተ ኢየሱስ ነው። በአርባ ቀኑ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ክርስትና ሳስነሣው አንቺ ነሽ ከአጠገቤ ቆመሽ ያየሽው፤ እንዴት ረሳሽው? የእኔም ወለተ ሰንበት ነው። እኔንም አስጠሪኝ፤ የእሱን ብቻ ነው የጠየቅሽኝ።

ሌላም ነገር አየሁ። ስለ ነጩ ድንኳን አልጠየቅሽኝም። ፎቶውንም አላልሽም። «ይመጣል፣ አይዞሽ» አላልሽም። ሃናም ስትገለብጥ «ሙሉሰው» የሚለውን ሰርዛ እንደገና ጽፋዋለች። የእሷ እጅ እንዲህ አይደለም። መንገድ ላይ ሆና ጽፋው ይሆናል ብዬ ተውሁት።

የምፈራውን በወረቀት አላስቀምጠውም። ከጻፍሁት የሚመጣ ይመስለኛል። መንገዱ ሲከፈት ይመጣል። ሃና ትምጣ፤ አልከለክልም።

እህትሽ እቴነሽ

ሃና ቅዳሜ መጣች። ዓይኗ አብጦ ነበር፤ በመኪናው ውስጥ አቧራ ገብቶባት እንደሆነ ነገረችኝና አመንኋት። ውኃ ሰጠኋት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አቶ ብርሃኑ መጡ። እድራችን የራሱ ድንኳን ስለሌለው ለአባል ቤት ሁሉ የሚወስደው ከእኔ ነው። አሮጌውን ለሦስት ቀን እንደሚፈልጉት ነገሩኝ። የማን ቤት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ከሩቅ የመጣ መርዶ ነው» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ወሬ የሚያበዙት ሰው ዓይናቸውን ከምሰሶዎቹ አላነሡም። የልባቸው ወዳጅ የሞተ መሰለኝ። አዘንሁላቸውና ሠላሳ ወንበር ጨምሬ ሰጠኋቸው፤ ምሽት ብርድ ነውና ለእሳት የሚሆን እንጨትም አሸከምኋቸው። ከበር ስሸኛቸው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አልኋቸው።

አቶ ብርሃኑ መለስ ብለው አዩኝ። «አሜን፣ እርስዎንም» ብለው ሄዱ።

ለልጄ ለቅሶ ድንኳኑን ወንበር ጨምሬ፣ እንጨት አሸክሜ፣ መርቄ የሰጠሁት እኔ ነኝ። የቀረውን ከመጀመሪያው ጽፌዋለሁ።

መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.
ኩዌት

ለእታለሜ፤ ሰላም ለማለት አፍ የለኝም፤ ቢሆንም እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ሁሉንም ልንገርሽ። ማሩ የደወለልኝ ጥር 29 ቀን ነው፤ ስልክ የሚሠራበት ድረስ በእግሩ ሄዶ። ቁጥሬን ከሙሉሰው ስልክ ነው ያገኘው። ለእናት በስልክ አይነገርም፣ ሽማግሌም ልኬ እንዳላረዳት መንገዱ ዝግ ነው ብሎ አለቀሰ። ማክሰኞ ዕቃውን ጭነው ከገሳይ እንደወጡ ተኩስ መሐል ገቡ። የማን ጥይት እንደሆነ ማሩም አያውቅም። ሙሉሰው ተመትቶ አንድ ቃል ሳይናገር ዐረፈ። ማሩ መኪናውን አዙሮ ወደ ይሻው ቤት መለሰው። እዚያው ቀበሩት። ካህናቱ ስመ ክርስትናውን ሲጠይቁ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ማሩ አጥብቆ የጠየቀኝ እሱን ነው፤ በአርባው እንኳ በስሙ ይጠራ ብሎ። እኔ ደግሞ ረስቼው ነበር። ካንቺ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ ከአንቺው ጠየቅሁሽ፤ ዋሽቼ ጠየቅሁሽ።

ሃያ ስድስት ቀን አውቄ ዝም አልሁ። ለአቶ ብርሃኑና ለአባ ሞገስ በሃና በኩል የላክሁትም ደብዳቤ ከአንቺ ደብዳቤ ጋር በአንድ መንገደኛ ነው የመጣው። እነሱም ሃና እስክትደርስ ጠበቁ። ደብዳቤዬን ስታነቢ ተስፋ እንዳታደርጊ «ይመጣል» ብዬ አልጻፍሁም፤ እንዳይገባሽም ፈራሁ።

ይህ ሁሉ አይደለም የሚያንገበግበኝ። አትሂድ በይው ብለሽ ለምነሽኝ ነበር። አንድ ቃል ነበር የጠየቅሽኝ።

ደሳለች

ሚያዝያ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.
ደብረ ታቦር

ለእህቴ ለደሳለች፤ መልስ ያዘገየሁት ተቀይሜሽ ነበርና ነው። በቅያሜ የተጻፈ ወረቀት ሁለት ጊዜ ቀድጃለሁ። አሁን ግን የምነግርሽ ነገር አለ።

መንገዱ ተከፍቶ ሰማንያው ባለፈ በማግስቱ አንድ አይሱዙ ከበሬ ቆመ። ይሻው ነው። ጸጉሩን ተላጭቶ ጥቁር ለብሷል። ከመኪናው ወርዶ ከበሩ ውጭ ቆመ፤ አልገባም አለ። «በእጅዎ እመልሳለሁ ብዬ ነበር፣ እትዬ» አለኝና እግሬ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ። እጁን ይዤ አስገባሁት። ምን ላድርገው? እሱም ልጅ አለው።

ከዚያ መኪናውን ይዞ የመጣው ማሩ ነገረኝ። ሙሉሰውን ይዞ ወደ ይሻው ቤት ሲመለስ የሰርጉ የቅጠል ዳስ ገና አልፈረሰም ነበር። ይሻው ዕቃው ከመኪናው እንዲወርድ አደረገና ነጩን ድንኳን መልሰው ተከሉት። ሙሽራዋና ሙሽራው መልሱን ትተው መጡ። እናቱን የማያውቅ፣ ፊቱን አራት ቀን ብቻ ያየ አገር ሦስት ቀን ለልጄ ተቀመጠለት። ደንቤ ፈረሰ፣ ደሳለች። የሰርጉ ድንኳን ለለቅሶ ወጣ። መፍረሱን ስሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ትንሽ ላላ።

በአርባውም ቀን በስሙ ተጠርቷል። ስሙ ካንቺ ለማሩ የደረሰው ከአርባው ሁለት ቀን ቀድሞ ነው። ዋሽተሽ ባትጠይቂኝ፣ እኔም ሞቱን አውቄ ቢሆን፣ እጄ ይህን ስም መጻፍ አይችልም ነበር። ስለዚህ ያንን ውሸትሽን ይቅር ብያለሁ። አትሂድ አለማለትሽንም ይቅር ለማለት እየታገልሁ ነው፤ ዕቃውን አስጭኜ የሸኘሁት እኔ ነኝና፣ ለራሴም ገና ይቅር አላልሁም። አብረን እንቆይበት።

ይሻው ዕቃውን አጥቦ ነው የመለሰው። ሁለት መቶ ወንበር፣ ስምንት ድስት፣ አንድም አልጎደለ። ካስማውን ቆጠርሁ፤ ማክሰኞ ቆጥረሽ ትረከቢኛለሽ ብሎኝ አልነበር? ሃያ ሦስት ብረት፣ አንድ የወይራ እንጨት። ጫፉን በቢላዋ አሹሎታል፤ ራሱ ላይ የመዶሻ ምት አለ። እሱን አቅፌ ተቀመጥሁ።

እህትሽ እቴነሽ

ደብዳቤዎቹ እዚህ ያበቃሉ። ከዚያ ወዲህ ነጩን ድንኳን ለማንም አላከራየሁም። ጥር 28 ሙት ዓመቱ ነው። በግቢዬ የሚተከለው እሱ ነው፤ ከሃያ አራቱም ካስማ በበሩ በኩል ያለውን የእንጨቱን እኔ እመታዋለሁ። በዚያ ቀን ቤት የተሳሳተ ሰው አይኖርም፤ የመጣ ሁሉ ይግባ።

መምጣት የማትችሉ፣ ይህን ያነበባችሁ፣ ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሙሉሰው ብላችሁ አይደለም፤ እሱ የእኔ ስሙ ነው። እግዚአብሔር በሚያውቀው ስሙ፣ ሀብተ ኢየሱስ ብላችሁ፣ ነፍሱን በአብርሃም እቅፍ እንዲያኖርልኝ ጸልዩለት። በዚያ መንገድ ላይ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ሳይገኝ የተቀበሩም አሉ፤ እነሱንም አብራችሁ አስቡልኝ።